ይድረስ ለአርኻንጋይ አርብቶ አደሮች

ይድረስ ለተከበሩ እትዬ፣ በእርስዎም በኩል በሞንጎሊያ፣ በአርኻንጋይ ሜዳ ቤታቸውን ለከፈቱልን ሁሉ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጋሼስ፣ ልጆችስ፣ መንጋውስ እንዴት ነው? ዘንድሮ ሣሩ በቃ? ፈረሶቹ ሰቡ? ስለ ከብቱ አጥብቄ መጠየቄ ከእናንተ ያገኘሁት ልማድ ብቻ አይደለም፤ ሰላሌ ያለችው አያቴም እንግዳ ሲመጣባት የሰዉን ደኅንነት ጠይቃ ሳትጨርስ ወደ ላሞቹ ትሻገር ነበር።

ስምዎን አልጻፍኩም፤ ደብዳቤው በመጽሔት ወጥቶ ብዙ ሰው ያነበዋልና። አስተርጓሚያችን ግን አንዲት ሳታስቀር በሞንጎልኛ ልታነብልዎ ቃል ገብታልኛለች። በአደባባይ የጻፍኩት የአገሬ ሰው ምስጋናዬን እንዲሰማ ስለፈለግሁ ነው። አገሬ በሚሊዮን የሚቆጠሩ አርብቶ አደሮች ያሉባት አገር ናት፤ ከስፋቷም ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከብት የሚሰማራበት ቆላ ነው። ለእናንተ የማቀርበው ምስጋና ለእነሱም የሚገባ ይመስለኛል።

ከሁሉ አስቀድሜ የማመሰግንዎ ሥራ ስለ ሰጡን ነው። ስድስት መንገደኞች ከአስተርጓሚዋና ከሾፌሩ ጋር በዚያች ግራጫ የሩሲያ ፉርጎን መኪና ደጃችሁ ስንደርስ እናንተ ባዝራ እያለባችሁ ነበር። እንግዳ መጣ ብላችሁ አለባውን አላቋረጣችሁም። ጨው ያለበትን የወተት ሻይ ቀዳችሁልን፣ ስልባቦቱንና በፀሐይ የደረቀውን አይብ አቀረባችሁልን፣ ከዚያም ወደ ሥራችሁ ተመለሳችሁ። ጥቂት ቆይተው እርስዎ ብቅ አሉና አንዱን ገመድ እንዲይዝ፣ ሁለቱን ኩበት እንዲለቅሙ፣ እኔን ደግሞ ባልዲ ይዤ እንድከተልዎ አዘዙ። በዚያች ትእዛዝ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ያን ጊዜ ልነግርዎ አልቻልኩም። ብዙ አገር ዞሬአለሁ፤ እንግዳ ሲመጣ የባህል ልብስ ለብሰው፣ ጨፍረው፣ ፎቶ ተነሥተው የሚሸኙ ሰዎችን አይቻለሁ፤ ኑሮ ነውና አልፈርድባቸውም። እርስዎ ግን ቀንዎን እንዳለ አስገቡን።

ባዝራ እንደ ላም አትታለብም። ጡቷ ትንሽ ነው፤ የሚይዘውም ወተት ጥቂት ስለሆነ በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ካልታለበች አይሆንም። ስለዚህ በሞቃቱ ወራት የቤቱ ቀን የሚከፋፈለው በእሷ ሰዓት ነው። ውርንጭሎቹ መሬት ላይ በተወጠረ ረጅም ገመድ ታስረው ይውላሉ፤ እናቶቻቸውም ከእነሱ ርቀው አይሄዱም። ማታ ይፈታሉ፣ ሌሊቱን ከእናቶቻቸው ጋር ያድራሉ። የአለባ ሰዓት ሲደርስ ልጅዎ ውርንጭላውን አምጥቶ ጡት ያስይዘዋል፤ ወተቱ ሲወርድ ሳብ ያደርግና ከባዝራዋ ጎን ያቆመዋል። እርስዎም በአንድ ጉልበት ተንበርክከው፣ ባልዲውን በሌላው ጭንዎ ላይ አስደግፈው፣ አንድ ክንድዎን በባዝራዋ የኋላ እግር ዙሪያ አሳልፈው ያልባሉ። ውርንጭላው አጠገቧ ስለቆመ እሷ የምታጠባ ይመስላታል።

ሰላሌም ላይ እንዲሁ ነው። የአበሻ ላም ጥጃዋ ሳይጠባ ወተቷን አታወርድም፤ ጥጃው ቢሞት ቆዳውን ገለባ ሞልተው ከፊቷ የሚያቆሙላት ለዚሁ ነው። ይህን በአስተርጓሚዋ በኩል ስነግርዎ እጅዎን ገታ አድርገው አዩኝ፤ ከዚያም ባዝራዋን ለልጅዎ ትተው ወደ ላሞቹ ወሰዱኝ። ከአያቴ የተማርኩት አለባ ሞንጎሊያ ላይ ይጠቅመኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። እርስዎም ከዚያ በኋላ የት እንደ ተወለድኩ፣ ስንት ልጅ እንዳለኝ አልጠየቁኝም፤ የጠየቁኝ የእኛ ላም በቀን ምን ያህል እንደምትሰጥ፣ ጥጃው መቼ ጡት እንደሚጥል፣ ቅቤውን በምን እንደምንንጠው ነበር። ቅል ስልዎ በእጄ ቅርጹን እንድሠራልዎ ፈለጉ።

ጋሼ ማታውን ስለ ግመል የነገሩንንም አልረሳሁም። በደቡብ በኩል፣ ጎቢ ውስጥ፣ ምጥ የጸናባት ግመል ግልገሏን አላስጠጋም ስትል ያገሩ ሰው እሷን የሚለማመጥበት ዜማ አለው። አንዱ ሞሪን ኹር ይመታል፤ አናቱ ላይ የፈረስ ራስ የተቀረጸበት፣ እንደ ማሲንቋችን ክሩ ከፈረስ ጭራ የሆነ መሣሪያ ነው። ሴቲቱም አጠገብዋ ቆማ "ኾስ፣ ኾስ" እያለች ታዜምላታለች። ሰዓት ቢወስድም፣ ቀን ቢወስድም፣ ግልገሉን እስክታስጠባ አይተዋትም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 ይህን ሥርዓት አስቸኳይ ጥበቃ ከሚሹ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል፤ ወጣቱ ወደ ከተማ እየሄደ፣ ሞተር ብስክሌትም የግመልን ቦታ እየያዘ ነውና። ጋሼ ይህን ሲያወሩ ቀስ ብለው ዜማውን ጀመሩት፤ እርስዎም ሊጡን ሳይተዉ ተቀበሏቸው። ለእኛ ብላችሁ አልነበረም፤ ወሬው ወደዚያ ስለወሰዳችሁ ነው። ስለዚያች ማታም አመሰግናለሁ።

ከስድስት እንግዳ በላይ እንደማይቀበሉ አስተርጓሚዋ ገና መንገድ ላይ ሳለን ነግራን ነበር። ምክንያቱን ያየሁት እዚያ ሳድር ነው። ውኃው በጀሪካን ተጭኖ ከወንዝ ይመጣል፤ እያንዳንዱ እንግዳ ፊቱን በታጠበ ቁጥር ከልጆቻችሁ ድካም ላይ እየቀዳ ነው። እሳቱ ኩበት ነው፤ ሲለቀም፣ ሲደርቅ፣ ሲከመር የከረመ። ሜዳው ደግሞ የተሠራ መንገድ ስለሌለው መኪና ሁሉ የየራሱን ፈለግ ያወጣል፤ አንዱ ሲጎደጉድ ሌላው ከጎኑ ይነዳል፣ ጎን ለጎን ያረሱት መስመር ላይም ሣር ቶሎ አይመለስም። በትላልቅ መኪናዎች ሰው ቢያጓጉዙልዎ ገንዘቡ ከፍ ይል ነበር። እርስዎ ግን ልኩን ያበጁት በግጦሹና በውኃው ነው። ቁጥራችን ትንሽ በመሆኑም ሁላችን ጌር በምትሉት በአንዱ ተነቃይ ቤታችሁ ውስጥ ከእናንተ ጋር መቀመጥ ቻልን፤ አንድ ድስት በቃን፤ የአንዱ ጥያቄ ለሁሉ ተተረጎመ። ሃያ ብንሆን ኖሮ እኛ እርስ በርሳችን እናወራ ነበር፤ እናንተም ታሳልፉልን ነበር። ለጉዞ ሰው የሚያሰባስቡ የአገሬ ልጆች ይህን ቢሰሙልኝ እወዳለሁ፤ ወደ ኦሞም ወደ አፋርም ሲወርዱ ቁጥሩን የሚወስነው ባለ ቤቱ ይሁን።

አሁን ስለ መስተንግዶው ላመስግን፤ ይህ ደግሞ ትንሽ ያቆየኛል።

ወደ ጌር የሚመጣ ሰው በር አያንኳኳም። ራቅ ብሎ ቆሞ "ኖኾይ ኾር!" ብሎ ይጣራል፣ ውሻ ያዙልኝ ማለቱ ነው፤ ውሻ በሌለበት ቤት እንኳ እንዲሁ ይላል። እኛም ገጠር ስንሄድ ከአጥር ውጭ ቆመን "ቤቶች!" እንላለንና ሲነገረኝ አልከበደኝም። መድረኩን ሳይረግጡ መግባት፣ በግራ በኩል ዞሮ መቀመጥ፣ በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል አለማለፍ፣ ወደ ምድጃው እግር አለመዘርጋት፣ እሳት ውስጥ ቆሻሻ አለመጣል፣ ሁሉንም በትዕግሥት አሳያችሁን። በሩ ወደ ደቡብ ያያል፤ ከበሩ ትይዩ ያለው የክብር ስፍራ ነው፤ በምዕራብ በኩል ኮርቻውና አይራግ የምትሉት የጎመዘዘ የባዝራ ወተት ያለበት ጥቁር ቆዳ፣ በምሥራቅ በኩል የእርስዎ ማጀት። ስኒውን በቀኝ እጅ፣ ግራ እጅን ከክንድ ሥር ደግፎ መቀበልን ግን ማንም ማሳየት አላስፈለገውም፤ እናቴ በልጅነቴ አስተምራኛለች። አያትዎ በዚህ ነገር ፈገግ ብለው ለጎረቤት ሲናገሩ አየሁ።

የአይራጉ ነገር ነው የከበደኝ። የፈረስ ወገን የሆነ ሁሉ በእኛ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክሶች ዘንድ አይበላም፣ ወተቱም አይጠጣም። በእናንተ ደግሞ በሐምሌ የባዝራ አይራግ ያልቀረበለት እንግዳ እንግዳ አልሆነም። ያን የጎመዘዘ፣ ቀለል ያለ አልኮል ያለበት ወተት ለማድረስ በቆዳው ውስጥ ሺህ ጊዜ እንደሚማሰል፣ ወጪ ወራጁም ሲገባ እንጨቱን ይዞ ጥቂት ሳይመታ እንደማይቀመጥ አይቻለሁ። ያን ሁሉ ድካም ሰው በገዛ ቤትዎ አልጠጣም ቢልዎ ምን ይሰማዎ ይሆን? እናንተ ግን ለዚህም ሥርዓት አላችሁ። ሳህኑን በሁለት እጅ መቀበል፣ ወደ ከንፈር ማስጠጋት፣ በምስጋና መመለስ ይበቃል። ሳህኑ ሞልቶ ወደ እጅዎ ሲመለስ ፊትዎ አልተለወጠም፤ ለምን ብሎ የጠየቀኝም የለም። ከዚያ እኔም ተነሥቼ የሚማሰለውን እንጨት ያዝኩ፤ የማልጠጣውን ስመታ ልጆቹ ቆጠሩልኝ።

ረቡዕ ደግሞ ጾም ነበር፤ ሥጋም ወተትም የለም። ሞንጎሊያ ውስጥ፣ በወተት ወራት፣ ከባለ ከብት ቤት! አስተርጓሚዋ ስትነግርዎ እናቴ ታደርገው እንደነበረው ራስዎን ነቀነቁና አባትዎ በየወሩ በታወቁ ቀናት ሥጋ ይተዉ እንደነበር አነሡ። የሃይማኖታችሁ መንገድ ከእኔ የራቀ ነው፤ ጾም ምን እንደሆነ ግን ላስረዳዎ አላስፈለገም። ድንችና በእጅዎ የቆረጡትን ሊጥ በውኃና በጨው ቀቅለው በተለየ ድስት አቀረቡልኝ። ያን ምግብ እስከ ዕድሜዬ መጨረሻ አመሰግነዋለሁ።

ይህ ሁሉ ደግነት ከመልካም ጠባይ ብቻ የሚመጣ አይመስለኝም፤ ጋሼም የነገሩን ይህንኑ ነው። የጠፋ ፈረስ የሚፈልግ ሰው ሁለት ሦስት ቀን ከቤቱ ሊርቅ ይችላል፤ ብርዱ ከዜሮ በታች 40 ሲደርስ ደጅ ማደር ሞት ነው። ስለዚህ ማንም የደረሰበት ጌር ቤቱ ነው። ዛሬ የእርስዎን ሻይ የጠጣው ሰው ነገ ለልጅዎ እሳት ያነድዳል፤ የሻዩ ዋጋ ገንዘብ ሳይሆን ይህ ነው። ሦስት ሚሊዮን ተኩል ያህል ሕዝብ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል ካሬ ኪሎ ሜትር በሚበልጥ መሬት ላይ፣ ያውም ግማሽ ያህሉ ዋና ከተማችሁ ኡላንባታር ተከማችቶ፣ እንዲህ ባይተሳሰር ሜዳው ሰው አይኖርበትም ነበር። እኛ ከሩቅ የመጣነው ከዚያ ትስስር ውስጥ ለጥቂት ቀን ገባን። በምላሹ እሳት የምናነድድበት ቀን ላይመጣ ይችላል፤ እያወቃችሁ አስገባችሁን።

የማመሰግንዎ ሌላው ነገር መንገዱን በጣትዎ ምድር ላይ ስለሣሉልኝ ነው። በእኛ አገር ብዙ ሰው ከብቱን ተከትሎ የሚሄድ ሰው እግሩ ወደመራው የሚሄድ፣ ቦታ የሌለው፣ አንድ ቀን "መስፈር" ያለበት አድርጎ ያስባል። እርስዎ አመዱ ላይ አራት ክብ ሠሩ። አንዱ የብርዱ ወራት ሰፈር፤ ተራራው ነፋሱን የሚከልልበት፣ የበጎቹ በረት ወለል ለዓመታት በተረገጠ በጠጥ ተሞልቶ ከሥር የሚሞቅበት። ሁለተኛው ጸደይ፤ ግልገል የሚወለድበት፣ ነፋሱ ክፉ የሆነበት፣ ሰው የማይተኛበት። ሦስተኛው እኛ ያገኘናችሁ የወንዙ ዳር፤ ሐምሌ ለእናንተም የዝናብ ወር ነውና ሣሩ የሚያድግበት። አራተኛው መፀው፤ ከብቱ ለብርዱ ስብ የሚያከማችበት። ከዚያም የብርዱ ሰፈር ዙሪያ ያለው ሣር ዓመቱን ሙሉ እንዴት ሳይነካ እንደሚጠበቅ፣ ያን ግጦሽ በሐምሌ የሚያስነካ ጎረቤት ምን እንደሚባል ነገሩኝ።

ይህ በዘፈቀደ የሚሄድ ሰው አነጋገር አይደለም፤ የዓመት ዕቅድ ነው። የአገራችሁም ሕግ ያውቀዋል። የ1992ቱ (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በእ.ኤ.አ. ነው) ሕገ መንግሥት ግጦሽ በግል ባለቤትነት እንዳይያዝ ይከለክላል፤ የብርዱና የጸደዩ ወራት ሰፈር ግን በይዞታ ወረቀት ሊያዝ ይችላል። በ1950ዎቹ መጨረሻ ከብቱ ወደ ማኅበር ገብቶ ነበር፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ማኅበሮቹ ፈርሰው ከብቱ ለቤተሰብ ተመለሰ። በዚያ መካከል የመንግሥት መኪና፣ የመንግሥት የእንስሳት ሐኪምና ድርቆሽ መጥተው ሄደዋል። አራቱ ክብ ግን እንዳሉ አሉ፤ አያትዎ ሙሽራ ሆነው የመጡበት የብርድ ሰፈር ዛሬም የእናንተ ነው። የእኔ ቤተሰብ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ቀበሌ ላይ ይህን ያህል ዘመን አልቆየም።

እዚህ ላይ ስለ እናንተ የሚነገር አንድ ነገር አልወድም፤ እናንተን "ጊዜ የቆመባቸው" ማለት። በጌራችሁ ጣሪያ አጠገብ የፀሐይ ኃይል መሣሪያ አለ፤ መንግሥታችሁ ለመቶ ሺህ ጌሮች መብራት ለማዳረስ በጀመረው ፕሮግራም በ2012 ገደማ አብዛኛው አርብቶ አደር መብራት አግኝቷል። ጋሼ የአየር ትንበያ በስልክ ያያሉ፤ ልጅዎ መንጋ በሞተር ይመልሳል፤ ቤታችሁ ሲነሣ በግመል ሳይሆን በትንሽ የጭነት መኪና ይጫናል። ትልቋ ልጅዎ ኡላንባታር ዩኒቨርሲቲ ናት፤ ታናሹ ወንድምዋ ከከብቱ ጋር ቀርቷል። በብዙ አገር ሴቷ ትቀራለች፤ እናንተ ዘንድ ልጃገረዷን ማስተማር፣ ወንዱን ለመንጋው ማስቀረት የተለመደ ሆኖ በከፍተኛ ትምህርት ሴቶች በቁጥር በልጠዋል። ልጅዎ ትመለስ እንደሆነ ስጠይቅዎ "የምታውቀው እሷ ናት" አሉኝ። ትንሿ ደግሞ ከመስከረም ጀምሮ በወረዳው ከተማ አዳሪ ትምህርት ቤት ትገባለች፤ ከአልጋዋ ሥር ያስቀመጠችውን ቦርሳ ገና በሐምሌ አሳይታኛለች።

ዙድ ስለምትሉት፣ ከብት ስለሚፈጀው ክፉ ብርድ ሲነግሩኝ ግን እጅዎ ሥራ አቆመ። በሌላ ጊዜ ሁሉ እጅዎ ሥራ ላይ ነበር።

ዙድ በአንድ ሌሊት የሚመጣ አይደለም። በሐምሌ ዝናብ ሲጠፋ ይጀምራል፤ ከብቱ ሳይሰባ፣ ድርቆሹ ሳይታጨድ ብርዱ ይደርሳል። ከዚያ በረዶው ጥልቅ ሆኖ ሣሩን ቢቀብረው ነጭ ዙድ፤ በረዶ ጨርሶ ሳይወርድ ውኃ ቢጠፋ ጥቁር ዙድ፤ ቀልጦ ተመልሶ ሲረጋ ምድሩን በግግር ቢሸፍነው የብረት ዙድ ትሉታላችሁ። በ2009 እና 2010 መካከል በነበረው ብርድ በአገራችሁ ከ8 ሚሊዮን በላይ ከብት አለቀ። በ2023 እና 2024 መካከል በነበረውም ከ7 ሚሊዮን በላይ። እኔ ይህን ቁጥር አስቀድሜ አንብቤ ነበር። እርስዎ የነገሩኝ ግን በጎቹ ቆመው እንደ ሞቱ፣ ጠዋት ጠዋት ገፋ ሲያደርጓቸው እንደሚወድቁ፣ ጋሼም ለሳምንታት ቃል ሳይናገሩ ቆዳ ይገፍፉ እንደነበር ነው። ጎረቤታችሁ ከብቱ ሲያልቅበት ጌሩን ነቅሎ ኡላንባታር ዳርቻ ተከለው፤ ዛሬ ዘበኛ ነው። የከተማዋን ዳርቻ የከበቡት ጌሮች ከየት እንደመጡ ከዚያ ወዲህ ማንንም አልጠየቅሁም።

ስለ ፍየሎቹም እርስዎ ራስዎ አነሡት። ከቻይና ቀጥሎ ካሽሚር ለዓለም ገበያ የምታቀርብ አገር ናችሁ፤ በጸደይ ከፍየሉ አንገትና ጎን በማበጠሪያ የሚወጣው ለስላሳ ፀጉር የልጆቻችሁን የትምህርት ክፍያ ይሸፍናል። በ1990 አምስት ሚሊዮን ገደማ የነበረው የፍየል ቁጥር በ2022 ከ25 ሚሊዮን በላይ ሆኗል። ፍየል ሣሩን አስጠግታ ስለምትበላ ምድሩ እንደሚራቆት ያውቃሉ፤ የጸደዩን ገንዘብ ያለ እሷ ከየት እንደሚያመጡም ያስባሉ። "በጉ ይብዛ፣ ፍየሏ ትቀንስ እንላለን፤ ነጋዴው ግን የበግ ሱፍ በምን ዋጋ እንደሚገዛን ይታወቃል" አሉኝ። ስለ ግጦሽ መራቆት ብዙ ዘገባ አንብቤአለሁ፤ ችግሩን ከነመያዣው እንዲህ አጭር አድርጎ ያስረዳኝ ሰው አላጋጠመኝም።

አሁን የእኔን አገር ልንገርዎ፤ ጠይቀውኛልና። በእኛ ዘንድ ከብት የሚገድለው በረዶ ሳይሆን የዝናብ መቅረት ነው። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ቦረና ላይ ዝናቡ ተከታታይ አምስት ወቅት ቀርቶ ከብቱ በየመንደሩ ዳር ተኝቶ ቀረ። እናንተ በ2006 የሞከራችሁት የከብት መድን እኛም ዘንድ ደርሷል። የእናንተው በወረዳው ውስጥ ስንት ከብት ሞተ ብሎ ይከፍላል፤ የእያንዳንዱን ሰው ሬሳ አይቆጥርም፤ ስለዚህ የራሱን በጎች ታግሎ ያተረፈ ሰው ትጋቱ አይጎዳውም። በሰሜን ኬንያ በ2010፣ በቦረና በ2012 የተጀመረው ደግሞ የግጦሹን ልምላሜ ከሳተላይት ለክቶ ይከፍላል። አሠራሩ ቢለይም ሐሳቡ አንድ ቤት ያደረ ነው፤ እናንተ መጀመሪያ ሞክራችሁታልና ስለዚህም ባለውለታ ነን። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት 2026ን የግጦሽ መሬቶችና የአርብቶ አደሮች ዓመት ብሎ እንዲሰይም በ2022 ግንባር ቀደም ሆና ያስወሰነችውም አገራችሁ ናት። አፋሩም፣ ሶማሌውም፣ ከረዩውም በዚያ ዓመት ስሙ ከተነሣ ከእናንተ የመጣ ነው።

የመጨረሻዋን ማታ የጠየቁኝን ደግሞ አልረሳሁም። "ውኃ ሲጠፋ ማን ቀድሞ ያጠጣል?" ነበር ያሉኝ። መልሱ ረጅም ስለሆነ በደብዳቤ እመልስልዎታለሁ ብዬ ነበር፤ ይኸው።

ቦረናዎች ቱላ የሚሏቸው ጥልቅ ጉድጓዶች አሏቸው፤ አንዳንዱ 30 ሜትር ይደርሳል። ጉድጓዱ የጎሣ ነው፤ መጀመሪያ የቆፈረው ሰው ዘር አባ ኮንፊ ተብሎ በአደራ ይይዘዋል። የዕለት ዕለቱን ተራ የሚያስከብረው አባ ሄሬጋ ነው፤ የማን መንጋ በየትኛው ቀን፣ ከማን ቀጥሎ እንደሚጠጣ እሱ ይናገራል፤ ክርክር ቢነሣ ሽማግሌዎች ይቀመጡበታል። በደረቁ ወራት ከብቱ በየሦስት ቀኑ ይጠጣል። ከብቱ ተቆርጦ በወረደ መንገድ ወደ ገንዳው ይወርዳል፤ ከገንዳው በታች ሰዎች በመሰላል ላይ አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው ውኃውን በዕቃ እየተቀባበሉ ያወጡታል። እጃቸውን የሚያስማማው ዜማ ነው፤ ከሩቅ ከብቱም ያውቀዋል። ጋሼ ይህን ቢሰሙ ደስ እንደሚላቸው አስቤ ነው ያስረዘምኩት።

ያቤሎ የማውቃቸው አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ስለ እናንተ የነገርኳቸውን ሁሉ ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። በረዶው ሲበዛ አስቀድማችሁ ፈረሶቹን እንደምታሰማሩ፣ እነሱ በኮቴያቸው በረዶውን ቆፍረው ሣሩን ሲያወጡት በጎቹ እንደሚከተሉ ስነግራቸው ብዙ ዝም አሉና ይህን እንድጠይቅልዎ አዘዙኝ፦ ፈረሱ ደክሞ መቆፈር ሲያቅተው ለበጎቹ መንገድ የሚከፍተው ምንድን ነው? እንዲህ ባለው ዓመት እናንተ ምን አደረጋችሁ? አስተርጓሚዋ መልሱን እንድትጽፍልኝ እርስዎ ይንገሯት፤ እኔ ያቤሎ አደርሳለሁ።

ፎቶግራፎቹን አሳጥቤ በእሷ እጅ ልኬአለሁ፤ የአያትዎን ትልቅ አድርጌዋለሁ።

አክባሪዎ፣
ላሞችዎን ያለበችው ኢትዮጵያዊት